ፎቶው የማን ነው? ምስል፣ ድምፅና የቤት ገበና በኤምሬትስ ሕግ

በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ስለ ሥራ ውል፣ ስለ ደመወዝና ስለ ቪዛ እድሳት ሕጉ ምን እንደሚል ዘወትር ይጠያየቃሉ። በእጃቸው ስለያዙት ስልክ ግን ሕጉን የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ስልኩ በገዛ ገንዘብ የተገዛ የግል ንብረት ነውና በእርሱ የሚነሳው ፎቶም የአንሺው ብቻ ይመስላል። በዚህ አገር ሕግ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በፎቶው ውስጥ የሚታየው ሰው ከፎቶ አንሺው ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ መብት አለው። ይህን ሳያውቁ መተላለፍ የሚያስከትለው ቅጣትም እንደ ትራፊክ ቅጣት ተከፍሎ የሚረሳ አይደለም።

ዋናው ሕግ አሉባልታንና የኤሌክትሮኒክ ወንጀሎችን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 34 ነው። ከጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ቀደም ሲል የነበረውን የ2012ቱን ሕግ ተክቷል። የሕጉ አንቀጽ 44 ስለ ግላዊነት ይደነግጋል። የአንድን ሰው ግላዊነት ወይም የግልና የቤተሰብ ሕይወቱን ክብር ለመድፈር አስቦ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ሕግ ከፈቀደው ሁኔታ ውጭ፣ በኢንተርኔት ወይም በማናቸውም የመረጃ ቴክኖሎጂ መሣሪያ የተጠቀመ ሰው ከ6 ወር በማያንስ እስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ የገንዘብ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። በወር 1,500 ድርሃም ለሚያገኝ ሠራተኛ የመቀጮው ዝቅተኛ መጠን ብቻ የ100 ወር ደመወዝ ነው። ይህም አንዲት ሳንቲም ሳትነካ ከ8 ዓመት በላይ መሥራትን ይጠይቃል። እንደየጉዳዩ ፍርድ ቤቱ የውጭ አገር ዜጋ የሆነው ጥፋተኛ ከአገር እንዲወጣ ሊወስንም ይችላል።

በአንቀጹ ሥር የተዘረዘሩት ድርጊቶች ብዙዎች ከሚገምቱት የሰፉ ናቸው። የሰውን ንግግር ተደብቆ ማዳመጥ፣ መቅዳት፣ ማስተላለፍና ይፋ ማድረግ በመጀመሪያው ረድፍ ይገኛል። ቀጥሎ ሰውን በአደባባይም ሆነ በግል ስፍራ ፎቶ ማንሳት፣ ያንን ምስል ማስተላለፍ፣ መግለጥ፣ መገልበጥና ይዞ ማቆየት ይመጣል። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሕጉ «ያነሳ» ብቻ አይልም፤ ያስተላለፈውን፣ የገለበጠውንና ያቆየውንም ይጨምራል። በዋትስአፕ ቡድን የደረሰውን የሰው ቪዲዮ ለሌላ ቡድን ፎርዋርድ ያደረገ፣ የሰውን የግል መልእክት ስክሪንሾት አንስቶ ያስቀመጠ፣ «እኔ አላነሳሁትም፤ የተላከልኝን ነው የላክሁት» በማለት ብቻ ከተጠያቂነት አያመልጥም። በወገኖቻችን መካከል በብዛት የሚሰማው መከላከያ ግን ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ አንቀጹን ከሚገባው በላይ አስፈሪ አድርጎ ማቅረብም ትክክል አይሆንም። በቡርጅ ኸሊፋ ፊት ለፊት ቆሞ የራሱን ፎቶ የተነሳ ሰው ከኋላው አላፊ አግዳሚው ስለታየ ብቻ ወንጀለኛ ነው ማለት አይደለም። ሕጉ ግላዊነትን የመድፈር ሐሳብ መኖሩን ይጠይቃል። ችግሩ ሐሳብ በልብ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ ነው፤ ዳኛ የሚያየው ድርጊቱን ነው። አንዲት ሴት በገበያ አዳራሽ ስትበላ ለይቶ ቀርጾ፣ የሚያሾፍ ጽሑፍ ጨምሮ የለቀቀ ሰው «ለቀልድ ነው» ቢል ቪዲዮው ራሱ ይመሰክርበታል።

ሑርማ፣ እርም፣ ገበና

የሕጉ የዓረብኛ ጽሑፍ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃላት ይጠቀማል። አንደኛው «ኹሱሲያ» ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተለየ፣ ሌላውን የማይመለከት ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ «ግላዊነት» የምንለው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሁለተኛው «ሑርማ» ሲሆን፣ ይህኛው በአንድ የአማርኛ ቃል ለመመለስ ያስቸግራል። የማይደፈር፣ የማይነካ፣ ሳይፈቀድ የማይገባበት የሚሉትን በአንድነት ይይዛል። ሥሩ የመካው መስጊድ «ሐረም» ከተባለበት ሥር ጋር አንድ ነው። የግዕዙ «ሐረመ» እና የእኛው «እርም»ም የዚያው የሴማዊ ሥር ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ሕጉ ስለ ቤተሰብ ሕይወት «ሑርማ» ሲል፣ አማርኛ ተናጋሪ ሰው «የሰው ቤት ምስጢር እርም ነው» ብሎ ቢረዳው ከመንፈሱ አልራቀም። ከፍርድ ቤት ቋንቋ ወጥተን ወደ መንደር ከገባን ደግሞ «ገበና» የሚል ቃል አለን። የሰውን ገበና አደባባይ ማውጣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ገበና ከታች የሚባለው ደግሞ ይመሰገናል። ኤምሬትስ ይህንኑ በወንጀል ሕግ ደንግጋለች።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሕግም እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። ቀጣዩ አንቀጽ ለታወቁ ሰዎች፣ ለባለሥልጣናት፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለትምህርትና ለሕዝባዊ ሥነ ሥርዓቶች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። በአንቀጽ 31 ደግሞ ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጽ ይከለክላል፤ ስክሪንሾት ከመፈጠሩ በፊት ስለ ስክሪንሾት የተጻፈ ይመስላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት የማይደፈር መሆኑን ያረጋግጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተበደለውን የሚያቆመው በከሳሽነት ምስሉ እንዲነሳለትና እንዲካስ ሲሆን፣ በኤምሬትስ ጉዳዩ ከመጀመሪያው በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ እጅ የሚገባ የወንጀል ጉዳይ ነው። ማተሚያ ቤትን ወይም ፎቶ ቤትን አስቦ የተጻፈው የእኛ ሕግ ማሳየትንና ማባዛትን ሲከለክል፣ ስልክን አስቦ የተጻፈው የኤምሬትስ ሕግ ማንሳትንና ማቆየትንም ይጨምራል።

በሰው ቤት የሚሠራ ሰው ስልክ

ሕጉ ከሁሉ ይልቅ በቅርብ የሚነካው በአሠሪ ቤት የሚኖሩ የቤት ሠራተኞችን ነው። ለእነርሱ የሥራ ቦታውና መኖሪያቸው አንድ ጣሪያ ሥር ነው። በእረፍት ሰዓቷ አንዲት እህት በቲክቶክ ላይቭ ገብታ ከአገር ቤት ሰው ጋር ስትጫወት ክፍሉ የእርሷ ቢሆንም ከኋላዋ በሩ ክፍት ሊሆን ይችላል። የማዳም ድምፅ ይሰማል፤ ሕፃኑ ሮጦ ወደ ካሜራው ይመጣል፤ በግድግዳው ላይ የቤተሰቡ ፎቶ ተሰቅሏል። እርሷ የቀረጸችው ራሷን ነው፤ በምስሉ የገቡት ግን ያልተጠየቁ ሰዎች ናቸው። በተለይ በባህረ ሰላጤው ቤተሰቦች ዘንድ የሴቶች ምስልና የቤት ውስጥ ሕይወት ለውጭ ሰው የማይገለጥ በመሆኑ፣ ለቀራጯ ቀላል የሚመስለው ነገር በቤቱ ባለቤቶች ዘንድ እንደ ከባድ ድፍረት ይቆጠራል። ሕፃኑን በእቅፍ ይዞ «ልጄ ነው» እያሉ መለጠፍ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ስለ ልጁ ምስል ፈቃድ የሚሰጡት ወላጆቹ ናቸው፤ ለአንድ ቀን የሰጡት ፈቃድም ለሁልጊዜ አያገለግልም።

ፈቃድ የሚለው ቃልም ማብራሪያ ይፈልጋል። ሕጉ የሚጠቀመው «ሪዳ» የሚለውን ቃል ነው፤ ይህም ከልብ መውደድንና መቀበልን ያሳያል። በእኛ ባህል ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል፤ «አይታኝ ምንም አላለችም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠር አደገኛ ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክት ልኮ «ይህን ፎቶ ልለጥፍ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ማቆየት ከብዙ ክርክር ያድናል።

ብዙዎችን የሚያስደንቀው ሌላው ነጥብ እውነት መናገር ሁልጊዜ መከላከያ አለመሆኑ ነው። አንቀጽ 44 ሰውን ለመጉዳት ታስቦ የሚወጣ ዜና፣ ፎቶ፣ አስተያየት ወይም መረጃ እውነተኛና ትክክለኛ ቢሆን እንኳ እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይናገራል። ገንዘብ ተበድሮ የጠፋን ሰው ፎቶ «ይህን ሌባ ተጠንቀቁ» ብሎ በቴሌግራም መለጠፍ የተለመደ ነው። ዕዳው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለጣፊውም በእርግጥ ተበድሎ ይሆናል። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ከበዳይና ከተበዳይ ማን ተከሳሽ እንደሚሆን ይገለበጣል። ስድብ ከተጨመረበት ደግሞ አንቀጽ 43 ይመጣል፤ በኢንተርኔት ሰውን መስደብና ስም ማጥፋት እስራት ወይም ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም መቀጮ፣ አለዚያም ሁለቱንም ያስከትላል። ስድቡ በድምፅ መልእክት ለአንድ ሰው ብቻ መላኩም ከተጠያቂነት አያድንም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚለው አባባል የተነገረው መልእክት በጆሮ ብቻ በሚቀርበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ መልእክቱ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በተቀባዩ ስልክ ይቀመጣል።

ታዲያ በደል የሚፈጸምባት ሠራተኛ ምን ታድርግ? ይህ ከሁሉም ጥያቄዎች የከበደው ነው። የሚሰድባት ወይም የሚመታት ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ አእምሮዋ የሚመጣው ቀርጾ ለዓለም ማሳየት ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን ስሜት አይነቅፍም፤ ሰሚ አጣሁ የሚል ሰው የሚጮኸው ወደ ተገኘው አደባባይ ነው። ሆኖም መንገዱ አደገኛ ነው። ቪዲዮው በቲክቶክ በወጣ ጊዜ በደሉና የግላዊነት ጥሰቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይሆናሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። በደል ሲደርስ አስቸኳይ ከሆነ 999 መደወል፣ ከዚያም ለፖሊስ ወይም ለሰው ኃይልና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር ማመልከት የሕጉ መንገድ ነው። ሚኒስቴሩ የሠራተኞችን አቤቱታ የሚቀበልበትና ምክር የሚሰጥበት የስልክ ቁጥር 80084 ነው። የአካል ጉዳትን የሚያሳይ የራስ ፎቶ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ አሠሪው ራሱ ለሠራተኛዋ የላከው መልእክት፣ የደመወዝ ሰነድ የማንንም ገበና ሳይነኩ የሚቀርቡ ጠንካራ ማስረጃዎች ናቸው። የተቀዳ ነገር ካለም ቦታው የመርማሪው ጠረጴዛ ነው፤ ተቀባይነቱን የሚመዝነውም ፍርድ ቤቱ ነው።

የሟች ፎቶ

አንድ ወገናችን በአደጋ ወይም በሕመም በድንገት ሲያልፍ፣ መታወቂያ ወይም ስልክ ካልተገኘ፣ የአስከሬኑ ፎቶ «ይህን ወንድማችንን የሚያውቅ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በየቡድኑ ይዞራል። ዓላማው መልካም ነው፤ ቤተሰብ እንዲያውቅ፣ ሬሳው ያለ ለቃሽ እንዳይቀር ነው። ነገር ግን አንቀጽ 44 የቆሰሉ፣ የሞቱ ወይም የአደጋና የመቅሠፍት ሰለባ የሆኑ ሰዎችን ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ባለ ጉዳዮቹ ስምምነት አንስቶ ማስተላለፍንና ማሰራጨትን ለይቶ ይከለክላል። ክልከላው በመንገድ አደጋ ላይ መኪናቸውን አቁመው ለሚቀርጹ ሰዎችም ይሠራል። ከሕጉ ባሻገር ያለውን መዘንጋት አይገባም፤ እናት የልጇን ሞት በሽማግሌ ሳይሆን በጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ በሚታይ ፎቶ የምትረዳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በአማርኛ መርዶ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ ነጋሪ አለው። ስሙን፣ የሚኖርበትን አካባቢና የሚያውቀውን ሰው የያዘ ጽሑፍ ብቻ ማሰራጨት፣ እንዲሁም በአቡ ዳቢ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በዱባይ ለሚገኘው ቆንስላ ጄኔራል ማሳወቅ ይቻላል። በዚያው መልእክት ሥር የባንክ ቁጥር አስቀምጦ መዋጮ መጠየቅ ግን ሌላ ሕግ ይነካል፤ በኤምሬትስ ያለ ፈቃድ በኢንተርኔት እርዳታ መሰብሰብ የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ ባላቸው የበጎ አድራጎት ተቋማት በኩል መሄድ ያስፈልጋል።

ሕጉ ለሠራተኛውም ነው

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሕጉ ለአሠሪዎች ብቻ የቆመ ሊያስመስለው ይችላል። የሕጉ ቃል ግን «ሰው» ይላል እንጂ «አሠሪ» ወይም «ዜጋ» አይልም። ሠራተኛዋ ስትተኛ ወይም ልብስ ስትለውጥ በድብቅ ካሜራ የቀረጻት፣ ፎቶዋን ያለ ፈቃዷ ለማሾፊያ የለጠፈ፣ ከቤተሰቧ ጋር የምታደርገውን ንግግር የጠለፈ ሰው፣ አሠሪም ቢሆን፣ በዚሁ አንቀጽ ሊጠየቅ ይችላል። የሌላን ሰው ያለበትን ቦታ የሚያሳይ መረጃ መከታተልና መግለጥም በአንቀጹ ተካቷል። ይህ በተለይ በፍቅረኞችና በቀድሞ ባለትዳሮች መካከል የተለመደ ጥፋት ነው። አንዱ በሌላው ስልክ ላይ መከታተያ መተግበሪያ ይጭናል፤ «እቀናለሁ እንጂ አልከታተልም» ይላል። ቅናት በሕጉ ውስጥ ሰበብ ሆኖ አልተጻፈም።

በኮምፒውተር እየተቀናበሩ የሚወጡ ሐሰተኛ ምስሎችም በዚሁ አንቀጽ ተሸፍነዋል። ሰውን ለማዋረድ ወይም ስሙን ለማጉደፍ ድምፅን፣ ፎቶን ወይም ቪዲዮን የለወጠ ሰው ከ1 ዓመት በማያንስ እስራትና ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። የአንዲትን ሴት ፊት በሌላ ሰውነት ላይ መለጠፍ ዛሬ ለማንም ጎረምሳ የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ፣ ይህ ክፍል ወደፊት ብዙ እንደሚጠቀስ መገመት አያስቸግርም።

ከወንጀል ሕጉ ጎን ለጎን፣ በዚያው በ2021 የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከት የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 45 ወጥቷል። ይህኛው በዋናነት ኩባንያዎችን ይመለከታል። የደንበኛን ስም፣ ስልክ፣ ፎቶ ወይም የጣት አሻራ የሚሰበስብ ድርጅት ግልጽና የማያሻማ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ባለ መረጃውም ፈቃዱን መልሶ የመሳብ፣ መረጃውን የማየትና የማስተካከል መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። የመንግሥት መረጃን፣ እንዲሁም የራሳቸው ሕግ ያላቸውን የጤናና የባንክ መረጃዎች አይመለከትም፤ እንደ ዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከል ያሉ ነፃ ቀጠናዎችም የራሳቸው ደንብ አላቸው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 31 በፖስታ፣ በቴሌግራፍና በሌሎች መገናኛዎች የሚደረግ ግንኙነት ነፃነትና ምስጢራዊነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ መኖሪያ ቤት እንደማይደፈር ይናገራል። «በሕግ መሠረት» የምትለው ሐረግ ትንሽ ብትሆንም ክብደት አላት፤ መብቱ ገደብ የሚያገኘውም በእርሷ በኩል ነው።

በተግባር የሠራተኛውን መረጃ ለአደጋ የሚያጋልጠው ብዙውን ጊዜ ራሱ ሠራተኛው ነው። ሥራ ፈላጊው የፓስፖርቱን፣ የኤምሬትስ አይዲውንና የቪዛውን ፎቶ በቴሌግራም ለማያውቀው ደላላ ይልካል። እነዚህ ሦስቱ በአንድ እጅ ከገቡ በስሙ የስልክ መስመር ለማውጣት ወይም ብድር ለመጠየቅ ለሚሞክር ሰው ጥሩ መነሻ ናቸው። ለሥራ ማመልከት ግድ ከሆነ ሰነዱን ፈቃድ ላለው ኤጀንሲ ብቻ መስጠት፣ በቅጂው ላይም «ለሥራ ማመልከቻ ብቻ» ብሎ ቀኑን በሚታይ ጽሑፍ ማስፈር አንድ ጥንቃቄ ነው። በስልክ የሚላክን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አለመንገር ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢባልም አይበዛም። ባለ 6 አኃዙን የዋትስአፕ ኮድ የሰጠ ሰው የሰጠው ኮድ ብቻ አይደለም፤ አካውንቱን አስረክቧል። ቀጥሎ በእርሱ ስም ወደ ወዳጆቹ የሚሄደው መልእክት «ተቸግሬያለሁ፣ 500 ድርሃም ላክልኝ» የሚል ይሆናል።

ስለ ቪፒኤንም አንድ ነገር መባል አለበት፤ ወደ አገር ቤት በነፃ ለመደወል ሲባል በስፋት ይወራልና። በዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ በኤምሬትስ በአብዛኛው አይሠራም፤ እንደ ቦቲም ያሉ ፈቃድ የተሰጣቸው መተግበሪያዎች ግን አሉ። አንቀጽ 10 የሚከለክለው ወንጀል ለመፈጸም ወይም እንዳይታወቅ ለመደበቅ የኢንተርኔት አድራሻን ማጭበርበርን ነው፤ መቀጮውም ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ይደርሳል። ኩባንያዎች ለሕጋዊ ሥራቸው ቪፒኤን ይጠቀማሉ፤ መሣሪያው ብቻውን ወንጀል አይደለም። ነገር ግን የተዘጋን አገልግሎት ለመክፈት መጠቀም ሰውን ከማይፈልገው ክርክር ውስጥ ሊከተው ይችላል። ከዚህም ሌላ ነፃ ቪፒኤን የሚያቀርበው ማነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። የስልኩ የኢንተርኔት መንገድ ሁሉ በማያውቁት ሰው ኮምፒውተር በኩል ያልፋል። ግላዊነቱን ለመጠበቅ ብሎ ቪፒኤን የጫነ ሰው የት እንደገባና መቼ እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ለማይታወቅ ድርጅት ያስረክባል።

በፎቶና በቪዲዮ ማስፈራራት ሲያጋጥም

ከሁሉ የሚከፋው በምስል ገንዘብ መጠየቅ ነው። በኢንተርኔት የተዋወቀ ሰው የግል ፎቶ ወይም የቪዲዮ ጥሪ ቀርጾ «ገንዘብ ካልላክሽ ለቤተሰብሽ እልከዋለሁ» ይላል። ብዙዎች አፍረው ይከፍላሉ፤ የከፈለች ሴት ግን ነገ እንደገና ትጠየቃለች፤ አስፈራሪው የሚከፍል ሰው ማግኘቱን አረጋግጧልና። በአንቀጽ 42 መሠረት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ሰውን ማስፈራራትና በማስፈራራት ጥቅም መጠየቅ እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም መቀጮ ወይም ከሁለቱ አንዱን ያስከትላል። ማስፈራሪያው ከባድ ወንጀል እንደሚፈጸም ወይም ክብርን የሚነካ ነገር እንደሚገለጥ ከሆነ እስራቱ እስከ 10 ዓመት ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው መልእክቶቹን ከማጥፋት ይልቅ ማቆየት አለበት፤ የአስፈራሪው አካውንት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ገንዘብ ላክ የተባለበት ሒሳብና ቀኑ ለምርመራ ያስፈልጋሉ። አካውንቱን መዝጋትም ሆነ ማገድ ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ይደርሳል። በዱባይ በፖሊስ የኤሌክትሮኒክ ወንጀል ማመልከቻ ገጽ ወይም በ901፣ በአቡ ዳቢ በአማን አገልግሎት በ8002626 ማመልከት ይቻላል። የአማን አገልግሎት የጠቋሚውን ማንነት በምስጢር ይይዛል። በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ማስረዳት የሚከብደው ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ የምርመራ ቃል በዓረብኛ ስለሚጻፍም ከመፈረሙ በፊት በሚያውቀው ቋንቋ እንዲነበብለት ያሳስብ።